ቢጫ ዓይን

ልብስ ሰፊዋ ያገባችው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ባሏ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ስለሚሆን የምትኖረው ከአማቷ ጋር ነበር። አማቷን ጎረቤቱ ሁሉ «ሬዲዮኗ» ይላቸዋል፤ ጆሯቸው የገባ ነገር ሳይውል ሳያድር ሰፈሩን ያዳርሳል። ምራታቸውን ከመጀመሪያውም አልወደዷትም፤ ልጄን ነጠቀችኝ ባይ ናቸው። እሷም ብትሆን ዝም ብላ የምትዋጥ አይደለችም፤ ለአንድ ቃል ሁለት ትመልሳለች።

ዝናቡ ባባራ ሰሞን ከቤቱ ጀርባ ያለው ቦይ ተደፍኖ ውሃ አቆረ። ትንኙ በዛ። አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ በረንዳው ላይ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ሳለ ብርድ ብርድ አላት፤ ወዲያው ደግሞ እንደ እሳት ነደደች። ማስታገሻ እየዋጠች ሥራዋን ቀጠለች። ትኩሳቱ ግን እየሄደ ይመለሳል። ትንሽ ስትሰፋ ልቧ ድው ድው ይላል፤ የማሽኑን ፔዳል መርገጥ አቃታት፤ እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ አለ። አንድ ጠዋት አማቷ አገጯን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሯት።

«ዓይንሽ ቢጫ ሆኗል!»

«ትኩሳቱ ነው፣ እማማ።»

«የምን ትኩሳት! የጉበት በሽታ ነው። ልትጨርሺን ነው እንዴ?»

በዚያው ዕለት ብርጭቆዋንና ሳህኗን ለዩባት። ፍራሿን አውጥተው ዕቃ ቤት ወረወሩት። ይህም አልበቃቸውም፤ ደንበኛ በመጣ ቁጥር በር ላይ ቆመው «ጨርቃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ እሷ የነካችው ሁሉ በሽታ ነው» ይሉ ጀመር። ሰዉም ጨርቁን በጣቱ ጫፍ እያንጠለጠለ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ አፏን ሞልታ ልትሳደብ ብድግ ስትል ደጃፉ ላይ ተዘረረች። አማቷ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ደግፎ ሐኪም ቤት ያደረሳት በዚያ ሲያልፍ ያያት የባጃጅ ሹፌር ነው።

ደሟ ሲመረመር ወባ ተገኘባት። ሐኪሟ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ወባው ቀዩ የደም ሴል ውስጥ ይገባል» አለቻት። «ሄሞግሎቢኑን እየበላ እዚያው ይራባል፤ ከዚያ ሴሉን አፈንድቶ ሌላ ፍለጋ ይወጣል። ጣፊያሽ ደግሞ የተበላሹትን ሲያስወግድ ጤነኞቹንም አብሮ ይጠርጋል። ደምሽ ያነሰው ለዚህ ነው።»

«ዓይኔስ?»

«ሴሎቹ ሲፈርሱ ቢጫ ቀለም ይወጣቸዋል፤ ጉበትሽ ያን ሁሉ ማጣራት አቃተው።»

«እግሬስ ምን ሆኖ አበጠ?»

«አልቡሚን የሚባል የደም ፕሮቲን አለ፤ ውሃው ከደም ስር እንዳይወጣ የሚይዘው እሱ ነው። በሕመሙ ምክንያት ቀንሶብሻል። ደም የሚያረጉት ሴሎችም ወርደዋል። መድኃኒቱን ስትጨርሺ ቀስ በቀስ ይመለሳሉ።»

«በብርጭቆ ይተላለፋል?»

«በትንኝ እንጂ በብርጭቆ? ማን አለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ደም ተሰጣት፤ መድኃኒቱም ተጀመረ። ባሏ ወሬውን ሰምቶ ሲበር መጣ፤ እናቱንም አስከትሏል። አሮጊቷ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ከበሩ አላልፍ አሉ።

«ወባ ነው አሉ እኮ፣ እማዬ» አለ ልጃቸው።

«ታማለች አልኩ፤ ታማ ተገኘች። ምን ዋሸሁ?»

ልብስ ሰፊዋ በክንዷ ተደግፋ ቀና አለች። «ደጃፍ ላይ ስወድቅ ቆመው አዩኝ! ውሻ እንኳ ቢወድቅ ሰው ያነሳዋል!»

«ምላስሽ ግን አልታመመም።»

«ተዪ እንጂ» አላት ባሏ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እናቴ ናት።»

«እናትህ ናት። እኔስ ምንህ ነኝ?»



ስትድን ወደዚያ ቤት አልተመለሰችም። ዋናው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየች። ባሏ የስፌት ማሽኗን ሊያመጣላት ሲሄድ እናቱ በሩ ላይ ተገትረው «ወይ እኔ ወይ እሷ» አሉት። እሱም ማሽኑን ተሸክሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ሲወጣም ሲመለስም የሚያድረው ጠባቧ ክፍል ውስጥ ነው፤ የሁለቱ ሴቶች ነገር ሲነሳ ግን ዛሬም አፉ ይታሰራል።

ሬዲዮኗ አላረፉም። «በሽታዋን ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ ውለታዬን ካደች» እያሉ ያወራሉ። ጨርቃቸውን ይዘው ከሄዱት ደንበኞች አንዳንዶቹ እያፈሩ ተመለሱ። ልብስ ሰፊዋ ልካቸውን ትወስዳለች፤ ሰላምታቸውን ግን አትመልስም።