ኖራ ያሰመርንበት የወንዝ ዳር

በ2007 ዓ.ም. ጥር ወር የደረሰብኝን እስከ ዛሬ ያልረሳሁት ስለተደበደብኩ አይደለም። ዱላ ይረሳል። ያልረሳሁት አንድ ሽማግሌ ያደረጉትን ነው።

የእንጅባራ ሰው ነኝ። ግንበኝነት ስሠራ ኖሬ ፕላን ማንበብን ከመጻሕፍት ለራሴ ተማርኩ። ልጆቼንም በጥብቅ ሥርዓት አሳደግኩ። የመጀመሪያ ልጄ ሰብለ አርክቴክት ሆና የአንድ ገበሬዎች ዩኒየን ዋና መሥሪያ ቤት እንድትነድፍ ተሰጣት። ቦታው ዳንግላ አጠገብ፣ ወንዝ ዳር ያለ ሰፊ መስክ ነበር። ትልቁን ሕንፃ ከወንዙ አራቀችና ዳርቻውን በሙሉ ሕዝብ የሚናፈስበት፣ ዛፍና የእግር መንገድ ያለው ቦታ አደረገችው። ሥራዋን ወደድኩት፤ አልነገርኳትም እንጂ።

ስፋቱን መሬት ላይ ለማየት ኖራ ይዘን ሄድን። "ከሕዝቡ ቦታ እንጀምር" ስላለች መጀመሪያ የወንዙን ዳር አሰመርን። ያን ዕለት ወጣቶች ለጊዮርጊስ በዓል ፈረስ ይለማመዱ ነበር። ነጩን መስመር ሲያዩ ከበቡን። መሬት ሲወሰድባቸው የሚያውቁት እንዲህ በኖራ ተሰምሮ ነው።

"ወንዙን ልታጥሩብን ነው?" አለ አንዱ ፈረሰኛ።

"አይደለም ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ለእናንተ የሚቀረው ነው" አለች ሰብለ።

"የእኛን ለእኛ? እሰይ! ሰጪ መጣችልን!" ጓደኞቹ ሳቁ። "ፈረሶቻችንስ? ከቢሮሽ ቧንቧ ይጠጡ?"

"ፈረስማ ሣሩን ያበላሸዋል።"

የፈረሰኛው አለንጋ ፊቷ ላይ አረፈ። እጄ ላይ ካስማ የምንተክልበት መዶሻ ነበር፤ የመታትን ልጅ ጉልበቱ ላይ አሳረፍኩበት። ከዚያ ድንጋይና ዱላ ዘነበብን። የጎድን አጥንቴ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁ። ሰብለ ወድቃ ደሟ ኖራው ላይ ይፈሳል። ያ ፈረሰኛ እያነከሰ መጥቶ ሽመሉን በጭንቅላቷ ትክክል አነሣ። ልነሣ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

ይሄኔ አንድ ሽማግሌ በአገውኛ እየጮሁ ሮጠው መጡና ልጄ ላይ ተደፉባት። ሽመሉ ክንዳቸውን ሰበረው። ልጁ "አባቴን!" ብሎ ሽመሉን ሲጥል ነው የገዛ አባቱ መሆናቸውን ያወቅሁት። ጓደኞቹም የያዙትን ድንጋይ ጣሉ።

ከሳምንታት በኋላ ልጁ ለዕርቅ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ደጃችን ቆመ። አባቱ አያ ታከለም ክንዳቸው እንደታሰረ አብረው መጡ። "አውርድ" ማለት የእኔ ፋንታ ነበር፤ አላልኩም። ላቡ ሲንጠባጠብ ቆሜ አየሁ።

"አባዬ፣ ይበቃዋል" አለች ሰብለ፣ ፊቷ በፋሻ እንደተጠቀለለ።

"ዝም በይ!"

"የተመታሁት እኔ አይደለሁ እንዴ?" ብላ ድንጋዩን ራሷ አወረደችለት። ከዚያም ወደ አባቱ ዞራ "አያ ታከለ፣ ፈረሶቹ ወደ ውኃው የሚወርዱት በየት ነው?" ስትል ጠየቀቻቸው። ንድፉንም ለፈረሶቹ መውረጃ እንዲተው አድርጋ ቀየረችው።

ልጆቼን ስመክር ኖሬያለሁ፤ አሁንም እመክራለሁ። ግን የገዛ ልጄ በባዕድ ልጅ ላይ ዱላ ቢያነሣ፣ እኔ ከዱላው ሥር እተኛ ነበር ወይ? እተኛ ነበር ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። ልጆቼ አንድ ቀን ይህንን እንዳይጠይቁኝ እፈራለሁ።