ነቀዝ የታቀፈች ተሳፋሪ

ከአዳማ ወደ ቡልቡላ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከጎኔ አንዲት ሴት የማርማላታ ጠርሙስ ታቅፋ ተቀምጣለች። ጠርሙሱ ውስጥ ቦሎቄ አለ፤ አፉ በስስ ጨርቅ ታስሯል። ሸሚዟ በደንብ የተተኮሰ ነው፤ ጥፍሮቿ ግን እስከ ሥጋቸው ተበልተዋል። መኪናው በዘለለ ቁጥር ጠርሙሱን ወደ ደረቷ ትስበዋለች፤ ሲረጋጋ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ታዳምጠዋለች።

በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት ገበሬ እናት አላስቻላቸውም።

«ልጄ፣ ነቀዝ ፈጅቶታል እኮ! ፀሐይ ይምታው፣ ይሞትልሻል» ብለው መጋረጃውን ገለጡላት።

ደንግጣ ጠርሙሱን በሻርፗ ሸፈነችው። «ኧረ እማማ፣ እንዳይሞትብኝ! ነቀዝ የማይደፍረው ቦሎቄ ነው የምፈልገው። ያለ ነቀዙ በምን አውቀዋለሁ?»

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ዶክተር ከተባልኩ ወዲህ የሠራሁት ሁሉ የፕሮፌሰሬን ሐሳብ ነው። አሁን ገና የራሴን እንድሞክር ትንሽ ገንዘብ ተሰጠኝ። ሁለተኛ አይሰጡኝም። እነዚህ ነቀዞች ካለቁብኝ…»

አልጨረሰችውም። ጥፍሯን ወደ አፏ ወሰደች፤ የሚነከስ ግን አልቀረም።

እናትየዋ ጎተራቸው ትዝ ያላቸው ይመስል መጋረጃውን መልሰው ዘጉ። መቂ ላይ ሲወርዱ ጠርሙሱን ዳሰስ አድርገው፣ ልጅ ላቀፈች እናት እንደሚባለው፣ «እንግዲህ ዋቃ ያሳድግልሽ» አሏት።

ሚኒባሱ በሳቅ ተሞላ፤ እኔም ሳቅኩ። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና «አሜን» አለች፤ ጠርሙሱንም እንደገና ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።