የሚወድቀው የቆራጩ ነው

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዚራ ሠፈር ባለው አሮጌ ቪላ በረንዳ ላይ የተሰበሰብነው ብዙ አልነበርንም። ናጂማ፣ የአያቷን ቤት አሳድሳ የእንግዳ ማረፊያ ያደረገችው ወጣት፣ ሳሎኑ በር ላይ ቆማ ሻሂው ለሁሉም መድረሱን በዓይኗ ትከታተላለች። ታናሽ ወንድሜ ግርማ መሃል ላይ፣ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ በሸንበቆ ወንበር ተቀምጧል። ጎልማሳ ልጁ ፊት ለፊቱ ቆሞ በስልክ ይቀርጸዋል። የናጂማ ዘመዶችና ጎረቤቶቿ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተደርድረዋል። አናጺው ከታች ግቢ ውስጥ፣ ኒሙ ዛፍ ሥር፣ በኤሌክትሪክ በሚሠራ ቀጭን መጋዝ ላይ አጎንብሷል። እኔ በረንዳው አልቆ ደረጃው የሚጀምርበት ጋ ቦርሳዬን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜያለሁ። ወንበር አቅርበውልኝ ነበር፤ መቆም ይሻለኛል ብያለሁ።

በጣሪያው ጠርዝ ዙሪያ እንደ ዳንቴል የሚንጠለጠለው የእንጨት ጌጥ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላም አለ። ጥቂት ቦታ ምስጥ ስለበላው አናጺው የመጣው ያንን ሊተካ ነው። መጋዙ የጽድ እንጨቱን ሲነክሰው ሽታው ተነሣና ደረጃውን ወጥቶ እኔ ዘንድ ደረሰ። ትንሽ የተቃጠለ፣ ትንሽ የጣፈጠ፣ ጉሮሮ ላይ እንደ ዱቄት የሚደርቅ ሽታ ነው። ልጅ ሳለሁ ይህንን ሽታ ከፀጉሬ ለማስለቀቅ እናቴ እሑድ ጠዋት በሳሙና ስታሸኝ ታረፍድ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ግን አጠገቤ የሚቆሙት ሴቶች አሁንም ዞር ብለው ያዩኝ ነበር።

አባቴ የምድር ባቡር አቴሊዬ በሚባለው መጠገኛ ውስጥ ብረት ሠራተኛ ነበር። ቀን የባቡሩን ብረት ሲቀጠቅጥ ይውልና ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ ከቤታችን ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ይገባል። እዚያ ያለችው መኪና የራሱ ሥራ ነበረች። ላይዋ ከአሮጌ ብረት የታጠፈ ክንድ ሆኖ ክንዱ ላይ እንደ ክር የቀጠነ መጋዝ ተወጥሯል፤ ታችዋ ግን በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና እግር ነው። እግሩ የእናቴ ነበር። አባቴ ለአንድ ሳምንት ብቻ ብሎ ከስፌት መኪናዋ ላይ ፈትቶ ወሰደው፤ ከዚያ በኋላ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በእጅ ስትሰፋ ኖረች። እንግዳ ሲመጣና ስለ ጤናዋ ሲጠይቃት፣ ሁሉም ደህና ነው፣ እግሬን ብቻ ባሌ ወስዶብኛል ትል ነበር። የማያውቃት ሰው ደንግጦ ቀሚሷን ወደ ታች ያያል።

አባቴ በዚያች መኪና የፎቶግራፍ ክፈፍ ይሠራል፣ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቁርአን የሚቀመጥበት ተጣጣፊ ማስቀመጫ ይሠራል፣ ለክርስቲያኖቹ መስቀል ይቆርጣል፣ በር ላይ የሚሰቀል ስም ይቆርጣል። ለልምምድ የሚሆነን እንጨት ከመጋላ ነጋዴዎች የምንለምነው የሻይ ሳጥን ነበር። መጋዙን ባቡር ላይ የሚሠሩ ጓደኞቹ ከጅቡቲ ያመጡለታል። ደንበኞቹን ከአንዱ ጋር በኦሮምኛ፣ ከሌላው ጋር በሶማልኛ ይከራከራቸዋል፤ ነገሩ ሲጠጥርበት ደግሞ ከአቴሊዬው የለቀማትን ፈረንሳይኛ ያክልበታል። ያችን ፈረንሳይኛ የሚረዳ ስላልነበር ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

እኔ የቤቱ የበኩር ልጅ፣ ሴት ልጅ ነኝ። ሥራዬ በመጀመሪያ አቧራውን በእርሳስ ከተሰመረው መስመር ላይ እፍ ማለት ነበር፤ ቀጥሎ በእጅ መሰርሰሪያ መብሳት ሆነ። በዚህ ሥራ፣ ከእንጨቱ መሃል ያለውን ቅርጽ ለመቁረጥ መጋዙ ከዳር አይነሣም። መጀመሪያ እንጨቱ መሃሉ ላይ ይበሳል፣ መጋዙ ከላይ ይፈታል፣ በቀዳዳው ይሾልካል፣ ተመልሶ ይታሰራል፣ ከዚያ ነው የሚቆረጠው። መስመሩ ዞሮ ሲገጥም ከውስጥ የተቆረጠው ቁራጭ ወለሉ ላይ ጠብ ይላል። ቅጠል ከሆነ ቅጠል፣ ኮከብ ከሆነ ኮከብ። የቤታችን ደንብ እነዚህን ይመለከት ነበር። ያዘዘው ሰው የሚወስደው ቀዳዳ ያለበትን እንጨት ነው፤ የሚወድቀው የቆራጩ ነው። አባቴ ይህንን የሚለው እንደ ሕግ ነበር፤ ወንድሜ ግርማ ኮከብ ለመውሰድ ሲጎነበስ ባየው ቁጥርም ይደግመዋል። ግርማ በዚያን ጊዜ አቧራው ያስነጥሰኛል እያለ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ሲጫወት የሚውል ልጅ ነበር። ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል የሚመጣው የወደቀ ነገር ለመልቀም ብቻ ነው።

እኔ መቁረጥ የጀመርኩት አባቴ ወባ ታሞ ከተነሣ በኋላ ነው። ትኩሳቱ ለቀቀው፤ ቀኝ እጁ ላይ ግን መንቀጥቀጥ ትቶበት ሄደ። አቴሊዬው ውስጥ ከባድ መዶሻ ሲይዝ አይታወቅበትም ነበር። ከክር በቀጠነ መጋዝ ፊት ግን ይታወቃል። አንድ ቀን የጀመረውን ክፈፍ ሦስት ቦታ ሰበረና ተነሥቶ ወንበሩን በእግሩ ወደ እኔ ገፋው። የእጄ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ አለኝ። አልወጣም። ደንበኛ በር ሲያንኳኳ እኔ ተነሥቼ መጥረጊያ እይዛለሁ፤ እሱ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና በጣቱ አቧራውን ይነካካል።

እንጨቱን አትግፊው፣ አዙሪው ይለኝ ነበር። መጋዙ ቦታውን አይለቅም፤ የሚዞረው እንጨቱ ነው። ኩርባው በጠበበ ጊዜ እግርሽ ይሥራ፣ እጅሽ ይቁም። እጄ እንደዚህ መቆም የለመደው እዚያ ነው። ሙሉውን ከሰዓት አጠገቤ ይቀመጣል፤ ግራ እጁ የቀኙን አንጓ እንደያዘ፣ ዓይኑ መስመሩ ላይ። ብዙ አናወራም። ከዚያ በኋላ በኖርኩበት ዘመን ከማንም ጋር እንደዚያ ዝም ብዬ ተቀምጬ አላውቅም።

የናጂማ አያት ሐጂ ዩሱፍ ይህንን ቪላ በገዙበት ዓመት ለበረንዳው ዙሪያውን የእንጨት ዳንቴል አዘዙ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ መጥቶልን አያውቅም። አባቴ ግራ እጁን በቀኙ ላይ ጭኖ ወይን ሐረግ ላይ የተቀመጡ ወፎች ነደፈ፤ ወፎቹ ተቆርጠው የሚወጡት ናቸው፣ ሰማዩ በቦታቸው ይታያል። በጋውን ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ ወፍ ስቆርጥ ከረምኩ። ፀሐዩ ቆርቆሮውን እንደ ምጣድ ያግለው ነበር፤ እናቴ እርጥብ ጨርቅ አንገቴ ላይ ታደርግልኝና ስለ እግሯ አንድ ነገር ተናግራ ትወጣለች።

ሊያልቅ ሲል አንዷ ወፍ ላይ ቸኮልኩ። ምንቃሩ ጋ ስደርስ ማዞር ሲገባኝ ገፋሁ፤ መጋዙ ጧ ብሎ ተበጠሰና የምንቃሯ ጫፍ ከእንጨቱ ጋር ቀረ። ሳንቃውን የምንተካበት ሌላ ጽድ አልነበረም። አባቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ፣ መንቀጥቀጡ እስከ አንገቴ ይሰማኝ ነበር፣ እና ይችኛዋ ጠግባለች፣ አፍ አያስፈልጋትም አለ። ሁለታችንም ሳቅን። ስትወድቅ አነሣኋትና የወደቁልኝን በማጠራቅምበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከሌሎቹ በላይ አስቀመጥኳት።

ዳንቴሉ የተሰቀለ ዕለት መላው ቤተሰብ እዚህ በረንዳ ላይ ነበርን። የከሰዓቷ ፀሐይ በወፎቹ ቀዳዳ ገብታ ወለሉ ላይ የብርሃን ወፎች አፈሰሰች። ሐጂ ዩሱፍ ማሻአላህ እያሉ እግራቸው እንዳይረግጣቸው እየተጠነቀቁ በመካከላቸው ተራመዱ። ለአባቴ ሻሂ ሰጡት። እሱም ሳያስበው በቀኝ እጁ ተቀበለና ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር መንቀጫቀጭ ጀመረ። ሐጂ እጁን አዩ፣ ዳንቴሉን አዩ።

«አቦ በላይ፣ ይሄ እጅ አይደለም የቆረጠው» አሉት። «ማን ነው?»

እኔ እናቴ አጠገብ ነበርኩ። አባቴ ወደ እኔ ሲያይ አየሁት፤ አየኝ። ከዚያ ዞሮ ያንን እጅ ግርማ ራስ ላይ አደረገው።

«ይሄ ነው» አለ። «ግርማ ነው።»

ሐጂ ሳቁ፤ ልጁን አቅፈው ሳሙት። የወንድማቸው የቤት ዕቃ መሥሪያ ውስጥ እንዲህ ያለ እጅ እንደሚፈለግ፣ ልጁ ትምህርቱን ሲያበቃ ቦታው እንደሚጠብቀው ተናገሩ። ግርማ ወለሉ ላይ ያሉትን ወፎች ያይ ነበር። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ፤ የያዘችኝ እንዳልናገር ይሁን እንዳልወድቅ እስካሁን አላውቅም።

አባቴ ስለዚያ ቀን ምንም አላለኝም። ያለኝ በሳምንቱ ነው፦ ግርማን አስተምሪው፣ እዚያ ሄዶ እንዳያፍር። አስተማርኩት። አቧራውን እፍ አልኩለት፣ መብሳቱን አሳየሁት፣ እንጨቱን አትግፋው፣ አዙረው አልኩት። ሲለምድ መኪናዋ ከእሱ ጋር በጋሪ ተጭና ሄደች፤ እናቴ በሩ ላይ ቆማ እግሯ ሲሄድ አየች፤ የዚያን ዕለት አልቀለደችም። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ መሥሪያ ቤት ገባሁ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሰው የጻፈውን ስገለብጥ ኖርኩ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ጦርኩት፣ ሻሂውን ብርጭቆው እንዳይንጫጫ ግማሽ ድረስ ብቻ እየቀዳሁለት። የሚወድቀው የቆራጩ ነው የሚለውን ደንብ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከአፉ ሰምቼው አላውቅም።

ግርማ ጥሩ ሠራተኛ ወጣው፤ ይህንን አልነሳውም። የራሱን ቤት ከፈተ፣ ልጆች አሳደገ፣ ስሙ ከከዚራ አልፎ መልካ ጀብዱ ድረስ ተሰማ። እኔ ጠይቄው አላውቅም። በበዓል እንገናኛለን፣ ስለ ጉልበታችን ሕመም እናወራለን።

ባለፈው ሳምንት ግን እቤቴ መጣ። ናጂማ ጠርታው እንደነበረ፣ ስለ ዳንቴሉ ተናገር ብላ እንደለመነችው፣ ልጁም እንደሚቀርጸው ነገረኝ። የሻሂውን ብርጭቆ ወደ ጎን ገፋው።

«አስኩ፣ በሰው ፊት እናገረዋለሁ» አለኝ። «አንቺ እንደሆንሽ። ሸክሙ በዝቶብኛል፣ ዋላሂ።»

በሙስሊሞቹ መሐላ መማሉ ሳቅ አመጣብኝ፤ ልጅ ሳለም ሲዋሽ በእሱ ነበር የሚምለው። አንተ እንዳሻህ አልኩት። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ቁም ሣጥኑን ከፈትኩና የብስኩት ቆርቆሮውን አወረድኩ። ምንቃር የሌላትን ወፍ አውጥቼ በመሐረብ ጠቀለልኳትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። ከተናገረ በኋላ እሰጠዋለሁ ብዬ ነበር። ለዚህ ዕለት አዲሱን ነጠላዬን ለበስኩ።

እና አሁን ናጂማ ዝም አሰኘችን፤ አናጺው መጋዙን አቆመ። ግርማ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጁ ስልኩን ከፍ አደረገ። ወንድሜ መጀመሪያ እኔን አየኝ፣ ቀጥሎ ስልኩን፣ ቀጥሎ ልጁን። ያን ዓይን አውቀዋለሁ፤ አንድ ጊዜ በዚሁ በረንዳ ላይ በአባቴ ፊት አይቼዋለሁ።

ልጅ ነበርኩ ብሎ ጀመረ። አባቴ እጁ ሲታመም እኔ ተቀመጥኩበት አለ። ስለ ቆርቆሮዋ ክፍል ሙቀት ተናገረ፣ ስለ እናታችን እርጥብ ጨርቅ ተናገረ፣ አንገቱን እየነካ። እህቴም እዚህ አለች፣ አቧራውን እፍ ትልልኝ ነበር አለ፤ ሰዎቹ ዞረው ፈገግ አሉልኝ። ይህም ይሁን አልኩ በልቤ። ቀጥሎ ከዘራውን አንሥቶ ወደ ላይ፣ ከጥጉ ሦስተኛዋን ወፍ አሳያቸው። ያቺን አያችኋት፣ ምንቃር የላትም፣ ቸኩዬ ገፋሁና መጋዙ ተበጠሰብኝ አለ። አባቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈና ይችኛዋ ጠግባለች፣ አፍ አያስፈልጋትም አለኝ። ሰዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ግርማም ሳቀ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እንባው የውሸት አይመስለኝም።

ሥራዬን አባቴ ሰጥቶት ነበር፣ ያንን ለምጄዋለሁ። ስህተቴ ግን የእኔ ነበረች። ያ ሳቅ የሁለታችን ነበር፤ የአባቴና የእኔ፤ ከዚያ ክፍል የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ግርማ ያን ጊዜ ደቻቱ ነበር። የነገርኩት እኔው ነኝ፣ ሳስተምረው፣ እንዳይፈራ ብዬ።

የብርሃን ወፎቹ ግርማ ጉልበት ላይ ደርሰዋል። እሱ ስለ ቤታችን ደንብ ይነግራቸዋል፤ አባቴ የሚወድቀው የቆራጩ ነው ይል ነበር ይላል።

«ታዲያ ጋሽ ግርማ» አለች ናጂማ፣ «ከወደቁት አንድ እንኳ የለዎትም? መስታወት ውስጥ አድርጌ እዚህ እሰቅለው ነበር።»

እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። በመሐረቡ ላይ የወፏን የደነዘ አፍ በጣቴ አገኘሁት። ግርማ ወደ እኔ አላየም።

«የለም የኔ ልጅ» አላት። «ሁሉም ጠፉ።»

እጄን አወጣሁና ቦርሳዬን ዘጋሁ። ነጠላዬን አስተካከልኩ፤ ደረጃውን ወረድኩ፤ አናጺው መንገድ እንዲለቅልኝ ተነሣ፤ በኒሙ ሥር አልፌ በግቢው በር ወጣሁ።