ገመድ ተቀባይዋ

ኮሚቴ ሲባል ወንበር ላይ ተቀምጦ ማዛጋት የሚመስለው ሰው አይጠፋም። የልጆቹ የበግ እርባታ ክበብ ኮሚቴ ግን እንዲህ አልነበረም፤ ደሞዝ የለው፣ አበል የለው፣ ያለው ልፋት ብቻ። አንዱ ይመዝናል፣ አንዱ ኮቴና ቆዳ ያያል፣ ሌላው በረት ያጥራል። እማማ ቀስበቀስ ደግሞ ገመድ ይቀበላሉ።

ገመድ መቀበል ቀላል እንዳይመስላችሁ። ልጆቹ ግልገል ተረክበው፣ አብልተው፣ አጥበው፣ እንደ ሰው እያነጋገሩ ያሳድጋሉ። የኤግዚቢሽኑ ቀን በጉ ይታያል፣ ይደነቃል፣ ይሸጣል። የሥጋ ነጋዴው መኪና ደግሞ ጓሮ ቆሞ ይጠብቃል። ታዲያ በጉን ከልጁ እጅ ተቀብሎ እስከ መኪናው የሚወስድ ትልቅ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ማን ይወዳል? ያቺ ሰዓት ስትደርስ ወላጁ ሁሉ ወገቤን፣ ስልክ ተደወለልኝ እያለ ሹልክ ይላል።

እማማ አይጎትቱም። ልጁ ራሱ የበጉን ገመድ እጃቸው ላይ እስኪያኖር ድረስ ቆመው ይጠብቃሉ። የሚያለቅሰው ያለቅሳል፣ የበጉን ጆሮ የሚስመውም ይስማል። «ቀስ በል የኔ ጌታ፣ ማንም አያባርርህም» ይላሉ። ቀስበቀስ የሚለው ቅጽል ስምም ከዚሁ መጣ። ሾፌሩ ክላክሱን እያስጮኸ፣ «እማማ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ቢባል፣ እስኪሄድ እኛ እዚህ እናርጅ እንዴ?» ሲላቸው፣ «አንተ ድሮም አርጅተሃል፣ ዝም ብለህ ቁጭ በል!» ይሉታል። እሱም ይስቅና ሞተሩን ያጠፋል።

ይህን ሥራ የያዙት በልጃቸው ምክንያት ነው። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ የክበቡ አባል፣ ሳቂታ፣ አፈኛ። «በጌን የማስረክበው እኔው ራሴ ነኝ፣ ደግሞ አላለቅስም!» እያለች ስትፎክር ከርማ ኤግዚቢሽኑ ሳይደርስ ታመመች። እናት ልብስ አጣቢ ሆነው በሚሠሩበት ሆስፒታል አስተኟት። እሳቸው ከአልጋዋ ሥር አልነሳ ሲሉ፣ ቤት ሊጠብቅ የቀረው ወንድማቸው፣ «በዚህ ጭንቅ መሀል በግ ማን ይቀልባል» ብሎ በጓን ለነጋዴ ሸጠው። ክፋት አልነበረበትም፤ ግን አያድርስ ነው! ልጅቷ በየጠዋቱ፣ «እማዬ፣ በጌ በላ?» ትላለች። እናት፣ «በልቷል የኔ እናት፣ ጠግቧል» ይላሉ። እንዲህ እንደዋሿት ቀበሯት። ይህ ነገር እስከ ዛሬ አንጀታቸውን ይበላዋል።

ኮሚቴው ውስጥ የሚቀመጠው በክበቡ ልጅ ያለው ወላጅ ብቻ ነው የሚል ደንብ አለ። በእማማ ላይ ግን ማንም አንስቶባቸው አያውቅም፤ ይሉኝታ አለ። አዲሱ ሊቀመንበር፣ ባለመድኃኒት ቤቱ፣ ሥርዓት ወዳድ ነው። ስብሰባ መሀል ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እማማ፣ እርስዎ ብዙ ለፍተዋል። ደንቡም አለ፣ ለእርስዎም ማረፉ ይሻላል። ቁስል እየነካኩ እስከ መቼ?» አላቸው።

«ቁስሉ የኔ፣ አንተን ምን አሳከከህ?» አሉት። ሰዉ ሳቀ። ወዲያው ድምፃቸው ተሰበረ። «ልጆቼ፣ ይህን አትውሰዱብኝ። ሌላ ምንም የለኝም።»

እጅ አውጡ ሲባል ግን ጎረቤቶቻቸው ሳይቀሩ አቀርቅረው እጃቸውን አወጡ። የዘንድሮው ኤግዚቢሽን የመጨረሻቸው እንዲሆን ተወሰነ። ሲወጡ ደግሞ ሁሉም እየተሻማ አቅፎ ሳማቸው፤ ወይ ሰው!

በኤግዚቢሽኑ ዕለት ካፖርታቸውን ተኩሰው ለብሰው በጠዋት መጡ። ከወትሮው ይበልጥ ዘገዩ። ሾፌሩም ወሬውን ሰምቶ ኖሮ ክላክሱን አልነካም። መጨረሻ ላይ የቀረችው የሊቀመንበሩ የራሱ ልጅ ነበረች። ገመዱን የእጇ አንጓ ላይ ጠምጥማ፣ ፊቷን በበጉ አንገት ውስጥ ቀብራ አልሰጥም አለች።

«ነይ ስጪ! በሰው ፊት አታዋርጂኝ!» ብሎ አባቷ ገመዱን ሊመነጭቅ ሲል፣ እማማ መሀል ገቡ።

«ተዋት። እስከ ማታ ድረስ እኔ ገና ኮሚቴ ነኝ።»

ሰውዬው ቀላ፣ ወደ ኋላም አለ። ልጅቷ ካለቀሰች በኋላ ቀና ብላ፣ «ይፈራ ይሆን?» አለቻቸው።

«አላውቅም የኔ ልጅ» አሉ። መዋሸት ሰልችቷቸው ነበር። «እስከ መኪናው ግን ብቻውን አይሄድም። አብሬው ነኝ።»

ገመዱን ከአንጓዋ ፈታችና ሰጠቻቸው።

መኪናው ሄደ፣ ልጆቹም ከየወላጆቻቸው ጋር ተበተኑ። ሊቀመንበሩ ሊያመሰግን ሲመጣ፣ እማማ ባዶው በረት አፍ ላይ እንደቆሙ ናቸው።

«እማማ፣ አለቀ እኮ። ሁሉም አስረክበዋል» አላቸው።

«አንዲት ቀርታለች።»

ሰውዬው ዞር ዞር ብሎ ፈለገ፤ ማንም የለም። ከዚያ ነገሩ ገባው።

«በየዓመቱ ሁሉም ከሄደ በኋላ ትንሽ እጠብቃታለሁ» አሉ እማማ፣ ዓይናቸውን ከግቢው በር ሳይነቅሉ። «እሷ እንደሆነች ድሮም ከሁሉ ኋላ ነው የምትመጣው። ዛሬ ካልመጣች፣ ከእንግዲህ የት ታገኘኛለች?»