ንጉሥ ያደረበት ጎጆ

ጎንደር ውስጥ ንጉሥ ያላደረበት ቤት የለም። ጠላ ቤቱም፣ ፀጉር ቤቱም፣ ጎረቤቴ ዶሮዎቿን የምትዘጋበት ማድቤት ሳይቀር አንድ ንጉሥ አድሮበታል። ነገሥታቱ እንዲህ በየሰዉ ቤት ሲያድሩ ከኖሩ ያን ሁሉ ግንብ ምን አስደከማቸው? ስለዚህ ልጄን ለትዳር የጠየቃት ሰው ደን ውስጥ ያለ የቅድመ አያቶቹን ጎጆ «ንጉሥ ያደረበት» እያለ ቱሪስት እንደሚያስተናግድበት ስሰማ ሳቄ መጣ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ እኔ ግን መስከረም ከጠባም በኋላ ጉዱ አላለቀልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ የሆቴል ሙያ ተምራ ሥራ ያገኘችው ከደባርቅ በላይ፣ የአስታና የኮሶ ዛፍ እንጂ ሰው የማይበቅልበት ተራራ ላይ ነው። እዚያ የጎጆዎቹን ባለቤት ወደደችው፤ እሱም ሽማግሌ ላከ። አባቷ ካረፈ ቆይቷል፤ እሺም እምቢም የምል እኔ ብቻ ነኝ። ሽማግሌዎቹን «ቤቱን በዓይኔ ሳላይ ቃል አልሰጥም» ብዬ ቀጠሮ ሰጥቼ መለስኳቸው። እውነቱን ልናገርና እምቢ የምልበትን ሰበብ ፍለጋ ነበር የወጣሁት። አራዳ ላይ ጨርቅ እየሸጥኩ፣ የሰው ፊት ሳላይ ያሳደግኋት አንዲት ልጅ ሣር ክዳን ሥር ጭስ ስትጠጣ ልትኖር? ኧረ ወዲያ!

ማኪናው እስከ ደባርቅ ደህና አደረሰኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን መንገድ ብሎ የሰየመው ሰው በእግሩም በጎማም አልሄደበትም። የፊቱን መቀመጫ በሁለት እጄ እንደጨበጥኩ ደረስኩ። ደኑ ደን ነው፣ እሱን አልክድም። ከኮሶው ቅርንጫፍ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል፤ ጉሙ በዛፎቹ መሃል ይገባል ይወጣል። ልጄ «እማዬ፣ አየሩን ተንፍሺው እስቲ!» አለችኝ። ገጠር ተወልጄ እንጨት ስለቅም ነው ያደግሁት፤ ደን ባየሁ ቁጥር ጀርባዬን የሚያመኝ ለዚያ ነው። አየሩንማ ያኔ ጠግቤዋለሁ።

ጎጆዎቹ ሦስት ናቸው። ትልቋ የጥንቷ ናት፤ ግድግዳዋ ድንጋይ፣ ክዳኗ ሣር፣ ምሰሶዋ ከጭስ ብዛት የጠቆረ ጽድ። ሁለቱ በእሷ አምሳል በቅርብ የተሠሩ ናቸው። ደጃፏ አጭር ስለሆነ ጎንበስ ካላሉ ግንባር ይገመሳል። ጠያቂው ልጅ እጅ ነስቶ ሻንጣዬን ተቀበለኝና «እትዬ፣ በዚህ ደጃፍ ንጉሡም ጎንበስ ብለው ነው የገቡ» አለኝ።

«የትኛው ንጉሥ?» አልኩት።

«እሱ ላይ እንኳ ሽማግሌዎች አይስማሙም» አለ፣ ቅንጣት ሳያፍር።

አልሳቅሁለትም። ገና በመጀመሪያው ቀን አማት ከሳቀች አለቀላት።

ከእኔ ሌላ ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ሁለቱም ለጨረቃ ጉዞ የተሠራ የሚመስል ጃኬት ለብሰዋል። ባልየው ምድጃውን፣ አመዱን፣ የተሰነጠቀ ሞፈሩን ሁሉ ፎቶ ያነሳል። ሚስቲቱ ዓይኗ በጭስ እየነደደ፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች፣ «ግን እኮ ጭሱ ኦርጋኒክ ነው» አለች። የምንተኛው መደብ ላይ ነው፤ ከላይ ቁርበት፣ ከቁርበቱ በላይ ነጭ አንሶላ። መደቡም ታሪክ አለው፤ እዚያም ከመኳንንት አንዱ ተኝቷል። እኔ ከመደብ ወርጄ አልጋ ላይ ለመውጣት ዕድሜዬን ጨርቅ ስለካ ኖሬአለሁ፤ እነዚህ ደግሞ ከአልጋቸው ወርደው መደብ ላይ ለመውጣት ይከፍላሉ። ቁንጫው ግን ያው የጥንቱ ነው። ታሪካዊ የሆነ ነገር ካየሁ እዚያ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ «የእግር አጠባው ሰዓት ደረሰ» ተባለ። እኔ ባደግሁበት አገር መንገደኛ ቤት ሲገባ እግሩን የቤቱ ልጅ ታጥበዋለች፤ እግሩ ጭቃ ስለሆነ፣ ስለቆሰለ፣ ስለደከመው። እዚህ ግን ፕሮግራም ሆኗል። ልጄ በጥልፍ ቀሚስ ተንበርክካ ገበቴ ውስጥ የሞቀ ውኃ አቀረበች፤ ውኃው ላይ አበባ ተበትኖበታል። አዲስ አበቤዋ ከካልሲ የወጣ፣ ቀለም የተቀባ፣ አቧራ ነክቶት የማያውቅ እግሯን ዘረጋች። ባልየው ይቀርፃል። ልጄ «ይህ የአባቶቻችን የእንግዳ አቀባበል ነው» ትላለች፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። አባቶቻችን አበባ አልበተኑም የኔ እናት፤ እሾህ ነበር የሚነቅሉ!

የእኔን እግር ያጠበኝ ልጁ ራሱ ነው። በደንብ አጠበኝ፤ ጉልበቴንም ስሞ ተነሳ። እኔ ግን ወይ ፍንክች። አማት ሊሆኑት የመጡትን ሴት እግር ማጠብ ማን ያቅተዋል? እሱንማ ሌባም ያደርገዋል።

እሱ ለማታው እንጨት ሊፈልጥ ወደ ጓሮ እንደወጣ በረዶው መጣ። ክዳኑን ጠጠር እንደሚደፋበት ሰው ደበደበው፤ ደጁ በአንድ ጊዜ ነጣ። ጋብ ሲል ሊጨልም ትንሽ ቀርቶት ነበር። እኛ ሦስታችን እሳቱን ከበን በባዶ እግራችን ተቀምጠናል፤ ልጄ ገበቴውን ልታነሳ ጎንበስ ብላለች።

«ቤቶች! እንደምን አመሻችሁ!» የሚል ድምፅ ከደጅ መጣ።

አንድ ሽማግሌ በደጃፉ ብቅ አሉ። ዱላቸውን ተደግፈዋል፤ ጋቢያቸው ውኃ ያንጠባጥባል፤ በረዶው ትከሻቸው ላይ ገና አልቀለጠም። ከንፈራቸው እየተንቀጠቀጠ ተናገሩ። «ከመካነ ብርሃን በኩል ነው የመጣሁ። ልጄ ደባርቅ ሐኪም ቤት ተኝታብኝ ወደሷ እየሄድሁ በረዶው ያዘኝ። ጉልበቴም እንቢ አለ። የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ።»

አገሬውን ለማያውቅ ልንገር። የመሸበት ሰው ደጅ ቆሞ «አሳድሩኝ» ካለ መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ይባላል። ማን ነህ፣ ከየት ነህ የሚባለው እህል ከቀመሰ በኋላ ነው። ደመኛህ እንኳ ቢሆን እስኪነጋ እንግዳህ ነው። ይህን እኔ አላመጣሁትም፤ ተወልጄ ያገኘሁት ነው።

ልጄ ቀና አለችና የሥራ ፈገግታዋን ፈገግ አለች። «አባት፣ ቡክ አድርገዋል?»

«እህ?»

«ቀድመው አስይዘዋል ወይ?»

«ኧረ የለም ልጄ። በረዶው መች ቀድሞ ነገረኝ?»

«ይቅርታ፣ ዛሬ ሙሉ ነን።»

ሙሉ! ሦስተኛዋ ጎጆ ባዶዋን እንደተዘጋች ከቀትር ጀምሮ ሳያት ውያለሁ።

«ጥግ ይበቃኛል ልጄ፣ ካመዱ አጠገብ» አሉ።

«አይፈቀድልንም አባት። ትንሽ ዝቅ ቢሉ መንደር አለ።»

ሽማግሌው እሳቱን አዩ። አበባው ገና የሚንሳፈፍበትን ገበቴ አዩ። የሦስታችንን የታጠበ እግር አዩ። «አባቴን ተከትዬ ልጅ ሁኘ እዚህ ቤት አድሬ ነበር» አሉ፣ ቅሬታ በሌለው ድምፅ። «ያን ጊዜ መንገደኛ የሚያድርበት ነበር። ባለቤቱ ተለውጧል መሰል። በሉ ደህና እደሩ።» ብርዱ እንዳይገባብን ብለው በሩን ገጠም አድርገው ወጡ።

«ደስ ሲሉ!» አለች አዲስ አበቤዋ። «የፕሮግራሙ አካል ናቸው እንዴ?»

እኔ ምን አልኩ? በልቤ እሰይ አልኩ! ሰበቤን አገኘሁት። በአበባ ውኃ እግር እያጠበ መንገደኛ የሚያባርር ቤት፣ ልጄንም እንዲህ ማለት ያስተማረ ሰው! ለሽማግሌዎቹ የምናገረውን እዚያው እሳቱ ዳር ደረደርኩት። ሰውዬው ወዴት ይደርሱ ይሆን የሚለው አልመጣብኝም ማለት አልችልም፤ መጥቶብኛል። ግን ካስጠራኋቸው ሰበቤ ይፈርሳል። ስለዚህ እግሬን ወደ እሳቱ አስጠጋሁ።

ልጁ ፍልጡን ታቅፎ ገባ። ደጃፉ ላይ የተንጠባጠበውን ውኃ አየና «ማን መጥቶ ነበር?» አለ።

«አንድ ሽማግሌ መንገደኛ» አለች ልጄ። «ሙሉ ነን ብዬ ሸኘኋቸው።»

ፍልጡ ከእጁ ተራገፈ። «በዚህ በረዶ? ምነው፣ ምን ነካሽ? በየት በኩል ሄዱ?» መልስ አልጠበቀም። ኮቱን እንኳ ሳያነሳ፣ በዚያ አጭር ደጃፍ ግንባሩን እየተጋጨ ወጣ። ከዚያ ድምፁ ብቻ ከጉሙ ውስጥ ይሰማኝ ጀመር፤ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከገደሉ በኩል። «አያ! ኧረ አያ! ይመለሱ! ቤት የእግዚአብሔር ነው!»

ወደ ልጄ ዞርኩ። «እሱ አይደለም እንዴ ያስተማረሽ?»

«ምኑን?»

«ሰው መመለሱን።»

«ኧረ እሱማ!» አለች፣ ፍልጡን እየሰበሰበች። «ያለፈ ያገደመውን ሁሉ እያስገባ አይደል የምንጨቃጨቀው? አንድ ቀን የማያውቀውን ሰው መደቡ ላይ አስተኝቶ እሱ መሬት አደረ። እንዲህ እየሆነ የትም አንደርስም እላለሁ፣ አይሰማኝም።»

«ታዲያ አንቺ ከየት አመጣሽው?»

ቀና ብላ አየችኝ። ተንኮል የለባትም፤ ጥያቄው ነው የገረማት። «እማዬ ደግሞ! እኛ ቤት መቼ ሰው አድሮ ያውቃል?»

ጎንደር ያለው ቤቴ የብረት በር አለው፤ እጥፍ ቁልፍ። ከገጠር የመጣ ዘመድ ለሐኪምም ይሁን ለፍርድ ቤት ብሎ ሲያንኳኳ የሚታየኝ ቁንጫው፣ ጭቃው፣ ንጣፌ ላይ የሚያራግፈው አቧራ ነበር። በሩን ከፍታ የምታናግረው እሷ ነበረች። «እናቴ የለችም በይ» እላታለሁ ከሳሎን፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ትንሽ ልጅ ሆና «እናቴ የለችም፣ ይቅርታ» ስትል ያን ፈገግታ ፈገግ ትላለች። አንደበቷ ማማሩ ደስ ይለኝ ነበር።

ልጁ ሽማግሌውን እንደ ታመመ በግ ደግፎ አመጣቸው። ገደሉ አፋፍ ላይ ድንጋይ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር ያገኛቸው፤ መንደሩ ድረስ እንደማይደርሱ ገብቷቸዋል። አበባውን ውኃ ከደጅ ደፋና ሌላ አሙቆ አጠባቸው፤ የተሰነጠቀው ተረከዛቸው ላይ ቅቤ ቀባ። ባልየው ሊቀርፅ ስልኩን ሲያወጣ «ይቅር ወንድሜ» አለው። ጎህ ሲቀድ በማኪናው ራሱ ደባርቅ አደረሳቸው። እኔም በዚያው ማኪና ወረድኩ። ሽማግሌው መንገዱን ሙሉ መረቁኝ፤ የልጁ እናት መስያቸው «ጡትሽ ይባረክ» ይሉኛል። አይደለሁም ማለት ነበረብኝ፤ ዝም ብዬ አሜን አልኩ።

ከሳምንት በኋላ ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው መጡ። እንደ ወጉ ካልተመለሰልን አንቀመጥም ብለው ቆሙ። 

«እህሳ፣ ቤቱን አየሽው?» አሉኝ ትልቁ።

«አየሁት። ቁንጫ ነው።»

ሳቁ። «ልጁንስ?»

«ልጁ ሸጋ ነው። እንከን ፈልጌበት ነበር፤ አጣሁ።»

ፊታቸው በራ። ለመቀመጥም ዳዳቸው። እኔ ግን ሌላ ነገር አፌ ላይ ነበር፤ ከዚያ ተራራ ይዤው የወረድኩት፣ እንቅልፍ የነሳኝ። «እናንተስ» አልኩ፣ «የእኔን ልጅ በደንብ አይታችኋታል?»

የምኮራ መሰላቸው። ትልቁ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለጨዋ ሰው አይገባም እንደማለት።

«ኧረ ምን በወጣሽ!» አሉ። «እሷን ማየት ምን ያስፈልጋል? እኛ አሳዳጊዋን አይተን ነው የመጣን።»