ግድግዳውን የመረግሁበት ቅዳሜ

ታላቅ ወንድሜ ለሊሳ በሕይወት የነበረበት የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ስረግጥ ዋልኩ።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እሱ ጭልሞ ጫካ አጠገብ በችግኝ ጣቢያ ይሠራል። ወላጆቻችን ካሉበት ከካቺሲ ወጥተን ጊንጪ ውስጥ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይተን ነበር። የጊንጪን የኅዳር ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። መብራት ሲኖር ስቶቭ እንለኩሳለን። ሲጠፋ ለሊሳ ከሰሉን ደጅ ያቀጣጥላል፤ ጭሱ አልቆ ፍሙ እስኪቀላ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ከዚያ ያስገባዋል። «ጭስ ከሌለው አይጎዳም» ይል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ይላል። ሦስት ዓመት ምንም አልሆንንም።

ግድግዳው ተሰነጣጥቆ ነበር። ተኝቼ በስንጥቁ የአከራያችንን ዶሮዎች አያለሁ። ነፋሱ ሲበረታ ለሊሳ ጋቢውን እኔ ላይ ይደርብና በጃኬቱ ይተኛል። ጠዋት ጠዋት ያስለዋል። ያ ሳል ነው ያስጨነቀኝ።

ያን ቅዳሜ መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። እሱ ሥራ ሲሄድ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቦካሁ። የእርጥብ ጭድ ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ስንጥቁን ሁሉ መረግሁ። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ያለውን ክፍተት በማዳበሪያ ጆንያ ጠቀጠቅሁት። አከራያችን አዴ በዳቱ ቆመው አዩኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ሚስት ልታመጣ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

ለሊሳ ሲመጣ መዳፉን ግድግዳው ላይ አድርጎ ዙሪያውን ሄደ። ነፋስ ይገባበት በነበረው ቦታ ሁሉ ቆመ።

«ጋሪዳ» አለ። ሲደሰት «ጥሩ ነው» የሚለው በኦሮምኛ ነው። «ዛሬስ ጋቢ ሊተርፈን ነው።»

ሰኞ ፈተና ነበረኝ። የክፍል ጓደኛዬ ቤት የሶላር መብራት አለ። «ሂድ፣ እዚያው አጥንተህ እደር» አለኝ። «ስለ እኔ አታስብ። ቤቱን አሙቀኸው የለ?»

ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

እሑድ ጠዋት ስመለስ አዴ በዳቱ በሩን እየደበደቡ ነበር። ሰው ገፍቶ ከፈተው። ለሊሳ ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቷል። ፍሙ አመድ ሆኗል። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

የጤና ባለሙያዋ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የቀላ ፍምም መርዝ ያወጣል፤ ጭስም ሽታም የለውም። ሦስት ዓመት ያተረፈን ስንጥቁ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

አሁን አምቦ ነው የምኖረው። መብራት ዛሬም ይጠፋል። ከሰል ግን ደጄን አልፎ አይገባም። ውጭ ውሃ አሞቅና በጀሪካን ሞልቼ፣ ክዳኑን አጥብቄ፣ በፎጣ ጠቅልዬ እግሬ ሥር አደርገዋለሁ። እስኪነጋ ለብ እንዳለ ይቆያል። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ያኔ የነገረን የለም። አንዳንዴ ጀሪካኑን ስጠቀልል፣ ለእሱም አንድ ብጠቀልል ብዬ እመኛለሁ።

ያን ጊዜ አባቴና እናቴ ከካቺሲ መጥተው ሰኞ ቀበርነው። በማግስቱ ጠዋት ድንኳን ውስጥ ሰዎች ያወሩ ነበር። «ሳይቀላ አስገብቶት ነው» አለ አንዱ። «የዛሬ ወጣት መች ይታገሣል» አለ ሌላው። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ስለ ስንጥቁ ለማንም አልነገርኩም ነበር። ስመርግ ያዩኝ አዴ በዳቱም ከሞቱ ጋር አላያያዙትም፤ ዝም ብል ማንም አያውቅም።

ተነሣሁ።

«ቀልቶ ነው የገባው። ለሊሳ ሁልጊዜ ይጠብቃል። ግድግዳውን የመረግሁት እኔ ነኝ። እንዳይበርደው ብዬ።»

አባቴ ቀና አለ። ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ጠጋ አለና በእጁ ቦታውን መታ መታ አደረገልኝ።

ሄጄ ከጎኑ ተቀመጥኩ።