ዲስትሪቢዩተሯ ተሰርቋል

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ ነፋስ ስልክ ውስጥ በቆርቆሮ በታጠረች ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ። የምኮራው በጆሮዬ ነው። ዲስትሪቢዩተሩን ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ እያዞርኩ፣ ሞተሩ ሲስተካከል በድምፁ አውቅ ነበር። ዲስትሪቢዩተር ማለት የድግስ አሳላፊ ነው፤ እሳቱን ተቀብሎ ቤንዚኑን ለሚያቀጣጥሉት ለአራቱ ካንዴላዎች በየተራ ያድላል። እሱ የሌለበት የቤንዚን መኪና ይኖራል ቢሉኝ ኖሮ እስቅ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት መካኒሳ ተጠራሁ። ያስጠሩኝ ሴትዮ እሁድ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ሙሽራዋን የምትወስደው መኪና ወንድማቸው በቅርቡ ከውጭ ያስገባላቸው ናት፤ ማታ ደህና ገብታ ጠዋት አልነሳ አለች። ኮፈኑን ከፍቼ ዲስትሪቢዩተሩን ፈለግኩ። ከላይ የለም፤ ከጎን የለም፤ ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ፣ የለም። በዚያ ዘመን ከቆመ መኪና ላይ ስፖኪዮ ፈትቶ መሄድ እንደ ቀልድ ነበር። እጄን እየጠረግኩ፣ «እትዬ፣ ዲስትሪቢዩተሯ ተሰርቋል» አልኩ።

ሴትዮዋ ወደ ዘበኛቸው ዞሩ፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሽማግሌ ናቸው።

«በሩ ላይ ማን ነበር ያደረው?»

«እኔው ነኝ።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

እኔ ደግሞ ሌባው ምን ያህል ሽቦ እንደቆረጠ ለማየት የካንዴላዎቹን ገመዶች ተከተልኩ። አንድም የተቆረጠ የለም። አራቱም ገመዶች የሚደርሱት ሞተሩ ላይ ከታሰሩ ሁለት ድፍን ጥቁር ሳጥኖች ነው። አንዱን ካንዴላ ፈትቼ ከገመዱ ጋር የሞተሩ ብረት ላይ አስደገፍኩና፣ «እትዬ፣ እስቲ ቁልፉን ያዙሩልኝ» አልኩ። ሰማያዊ እሳት ጠቅ ጠቅ አለ። ለካ ይቺ መኪና አሳላፊ አያሻትም፤ እያንዳንዱ ሳጥን ለሁለት ካንዴላ በቀጥታ ያቀብላል። ካንዴላው ግን በቤንዚን ርሷል፤ ጠዋት በብርዱ አልነሳ ስትላቸው ሲታገሉ ቤንዚን አብዝተው አጠጥተዋታል። በሽታዋ ይኸው ነበር።

በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ካንዴላውን እንደያዝኩ ሮጥኩ። ሽማግሌው ከበሩ ወጥተዋል።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። የተሰረቀ ነገር የለም።»

«እኔማ አውቃለሁ» አሉ። «ለእሳቸው ንገር። ቅድም በተናገርክበት ድምፅ።»

ይዣቸው ተመልሼ፣ ድንኳን ሊተክሉ የመጡት ሁሉ እየሰሙ፣ «የተሰረቀ የለም፤ እኔ ነኝ ያላወቅሁት» አልኩ ጮክ ብዬ። ሴትዮዋ ጉልበታቸውን ሊስሙ ሲያጎነብሱ ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ያዟቸው። ካንዴላዎቹን አደረቅኩ፤ መኪናዋም ተነሳች።

እሁድ ሠርጉ ላይ እኔም ነበርኩ። መኪናዋ ሙሽሮቹን ይዛ፣ ሚዜዎቹ እየጨፈሩ፣ ለመውጣት በሩ ጋ ደረሰች። ሽማግሌው ግን መዝጊያውን ይዘው አልከፍትም አሉና በዓይናቸው እኔን ፈልገው አገኙኝ።

«ልጄ፣ ና ኮፈኑን ክፈትና እይ» አሉ። «ዕቃዋ ሙሉ ከሆነ ልልቀቃት።»